ወረቀቱና ብረቱ፦ የመንግሥት የአውሮፕላን ጥገና ደህንነት ኢንስፔክተር ሥራ ደረጃ በደረጃ

አውሮፕላን ሲጠገን ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይካሄዳል። ብረቱ ይፈታል፣ ይለወጣል፣ ተመልሶ ይታሰራል፤ የተሠራው ሁሉ ደግሞ በወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ ይፈረምበታል። የመንግሥት የጥገና ደህንነት ኢንስፔክተር የሚያጣራው ሁለቱ አንድ ነገር መናገራቸውን ነው። ወረቀቱ "ተለውጧል" ካለ የተለወጠው ዕቃ አውሮፕላኑ ላይ መገኘት አለበት፤ ብረቱ ላይ ስርጉደት ካለ ወረቀቱ ሊያውቀው ይገባል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲገኝ ከጀርባው አብዛኛውን ጊዜ የላላ አሠራር አለ።

ይህ መመሪያ በሃንጋር (በአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) ውስጥ ለዓመታት ሠርቶ ወደ ሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለሚገባ ባለሙያ የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሙያውን ያውቃል፤ የሚቸገረው በአስተሳሰብ ለውጡ ነው። ትናንት "ይህ እንዴት ይጠገናል?" ይል የነበረ ሰው ዛሬ "ይህ ጉድለት የስንት ሰው ዓይንና ፊርማ አልፎ እዚህ ደረሰ?" ማለት አለበት። ኢንስፔክተር አይጠግንም፤ ለተጠገነ አውሮፕላንም የመልቀቂያ ፊርማ አይፈርምም። ያ የጥገና ድርጅቱ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ድርሻ ነው፤ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ሆኖ የመቆየቱ ኃላፊነት ደግሞ የአየር መንገዱ ነው። ይህን ድንበር የዘነጋ ኢንስፔክተር ሳይታወቀው ደመወዝ የማይከፈለው የአየር መንገዱ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ያርፈዋል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሥልጣንዎ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

መነሻው በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው። አንቀጽ 31 በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሰማራ አውሮፕላን ሁሉ ከተመዘገበበት አገር የተሰጠ የአየር ብቁነት ሰርተፍኬት እንዲኖረው ያዛል። አንቀጽ 29 አውሮፕላኑ ይዞ የሚጓዛቸውን ሰነዶች ይዘረዝራል። አንቀጽ 16 ደግሞ አንድ አገር በግዛቱ ያረፈን የሌላ አገር አውሮፕላን፣ ያለ አግባብ ሳያዘገይ፣ እንዲፈትሽና ሰነዶቹን እንዲመለከት መብት ይሰጣል። ከስምምነቱ አባሪዎች መካከል ለዚህ ሥራ በጣም የሚቀርቡት አራት ናቸው፦ ስለ ባለሙያ ፈቃድ የሚናገረው አባሪ 1፣ ስለ አውሮፕላን ሥምሪት የሚናገረው አባሪ 6፣ የአየር ብቁነትን የሚመለከተው አባሪ 8 እና የደህንነት አስተዳደርን የያዘው አባሪ 19።

ነገር ግን በሃንጋር ውስጥ ቆሞ አባሪ መጥቀስ አያስኬድም። አባሪዎቹ የሚያስገድዱት መንግሥታትን ነው፤ ቴክኒሽያኑንና አየር መንገዱን የሚያስገድደው አገሪቱ ከአባሪዎቹ ተነሥታ ያወጣችው ሕግና ደንብ ነው። ስለዚህ የሚጽፉት ግኝት ሁሉ የአገሩን ደንብ አንቀጽ፣ ወይም በደንቡ መሠረት የጸደቀውን የድርጅቱን የራሱን መመሪያ መጥቀስ አለበት። አንቀጽ ሊያገኙለት ያልቻሉት ነገር ምንም ያህል ቢያስከፋዎት የግል አስተያየት ነው። እንደ አስተያየት መናገር ይቻላል፤ እንደ ግኝት መጻፍ ግን አይቻልም።

መታወቂያዎን በተመለከተ፦ የት መግባት፣ ምን ማየት፣ ምን ማገድ እንደሚያስችልዎት በጽሑፍ የተሰጠዎትን ሥልጣን ደጋግመው ያንብቡ። አውሮፕላን ለማገድ የተወከለና ያልተወከለ ኢንስፔክተር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ የሚያጣሩበት ጊዜ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን ፊት ለፊት ቆመው መሆን የለበትም።

ደረጃ 2፦ ብቻዎን ከመውጣትዎ በፊት ይሠልጥኑ

የጥገና ፈቃድና የሃንጋር ልምድ በሩን ይከፍታሉ እንጂ ኢንስፔክተር አያደርጉም። ሕግ፣ የኦዲት ዘዴ፣ የማስረጃ አያያዝና የሪፖርት አጻጻፍ ለብቻቸው ይማሯቸዋል። ከዚያ የሥራ ላይ ሥልጠናው በሦስት እርከን ይሄዳል፦ በመጀመሪያ ነባር ኢንስፔክተር ሲሠራ ይመለከታሉ፣ ቀጥሎ እርስዎ ሲሠሩ እሱ ይመለከታል፣ በመጨረሻ ተመዝነው ለዚያ የፍተሻ ዓይነት ብቻ ይፈቀድልዎታል። ለመንደርደሪያ ፍተሻ (አውሮፕላኑ መንገደኛ ለመጫን በቆመበት ሜዳ ላይ ለሚደረግ ፍተሻ) የተፈቀደለት ሰው የጥገና ድርጅት ኦዲት ለማድረግ እንደገና ይመዘናል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ግልጽ ይሁን። ከአየር መንገድ ከመጡ፣ እርስዎ ራስዎ የፈረሙበትን ሥራ ወይም ትናንት አለቃዎ የነበረውን ሰው ክፍል እንዲፈትሹ ሲመደቡ ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያሳውቁና ምድቡን ይልቀቁ። ሐቀኛ ሰው ቢሆኑም ሪፖርትዎ ሲከራከሩበት የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው።

ደረጃ 3፦ ፍተሻውን ከጠረጴዛ ይጀምሩ

ወደ ሃንጋር ባዶ እጁን የሄደ ኢንስፔክተር የሚያየው የታየለትን ብቻ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ባለፉት ፍተሻዎች የተገኙትን ጉድለቶች፣ ከአየር መንገዱ የመጡትን የብልሽት ሪፖርቶች፣ በተደጋጋሚ የተጻፉ ችግሮችንና በአውሮፕላኑ ዓይነት ላይ የወጡትን አስገዳጅ የአየር ብቁነት መመሪያዎች ያገላብጡ። አስገዳጅ መመሪያ በአውሮፕላን ዓይነት ላይ አደገኛ ሁኔታ ሲታወቅ የሚወጣ ነው፤ በተወሰነለት ጊዜ ካልተፈጸመ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ አይደለም።

ከዚህ ክምር ውስጥ ጥቂት ክሮች ይምረጡ። ለምሳሌ አንድ አስገዳጅ መመሪያ፣ አንድ በቅርቡ የተለወጠ ዋና ዕቃ፣ አንድ ትልቅ የአካል ጥገና። እያንዳንዱን ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይከተሉታል፦ ትእዛዙ ሲደርስ ማን ተቀበለው፣ ማን ወደ ሥራ ካርድ ለወጠው፣ ዕቃው ከየት መጣ፣ ማን ገጠመው፣ ማን አረጋገጠው፣ መዝገቡ የት አለ፣ ብረቱስ ላይ ምን ይታያል? በእኔ አስተያየት ሃምሳ ሰነድ ላይ ላዩን ከማየት አምስቱን ከሥር መሠረታቸው መከተል ይበልጣል። የፍተሻ ዝርዝሩ እንዳይረሱ ያግዝዎታል፤ እንዳያስቡ ግን አልተዘጋጀም።

ደረጃ 4፦ ትክክለኛውን ሰዓት ይምረጡ

የመንገደኛ አውሮፕላኖች ቀን ይበራሉ፣ የመንደርደሪያ ጥገና በብዛት የሚሠራው ሌሊት ነው። ሆኖም ብዙ ኢንስፔክተር ጠዋት በሥራ ሰዓት ይሄድና የተጠረገ ወለልና የተሰደረ መዝገብ አይቶ ይመለሳል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ወይም ፈረቃ በሚቀያየርበት ጊዜ የተገኘ ሰው የሚያየው ሌላ ድርጅት ነው።

የፈረቃ ርክክብ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ በመስከረም 11 ቀን 1991 የደረሰ አደጋ ያሳያል። ኮንቲኔንታል ኤክስፕረስ 2574 የተባለው በረራ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ሌሊት ከግራው አግድም ጭራ የፊት ጠርዝ የላይኛው ጎን 47 ብሎኖች ተፈትተው ነበር። ሥራው ሳያልቅ ፈረቃው ተቀየረ፤ የተፈታው ነገር በተገቢው ሰነድ አልሰፈረም፤ ተረካቢዎቹም አላወቁም። አውሮፕላኑ በማግሥቱ በበረራ ላይ ሳለ ያ ጠርዝ ተገንጥሎ 14 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ርክክብ ሲደረግ አጠገባቸው ቆመው ያዳምጡ። "ያ ነገር አልቋል፣ ትንሽ ነው የቀረው" የሚል የቃል ርክክብ ከሰሙ "ትንሹ" የትኛው ካርድ ላይ እንደተጻፈ ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ሲደርሱ ሥነ ሥርዓት ይያዙ

መታወቂያዎን ያሳዩ፣ የፈረቃውን ኃላፊ ያግኙ፣ ምን ለማየት እንደመጡ በአጭሩ ይንገሩ። አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የጆሮ መከላከያ፣ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወትና ማስታወሻ ይበቃዎታል። ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፤ ይዘው የገቡትን እስክሪብቶ ቆጥረው ይዘው ይውጡ፤ የኢንስፔክተር እስክሪብቶም ሞተር ውስጥ ከገባ ባዕድ ነገር ነው።

ምንም አይንኩ። ክዳን መክፈት ካስፈለገ ባለሙያው ይክፈት፣ እሱው ይዝጋ፣ መዝገብ ካስፈለገውም እሱው ይመዝግብ። ማብሪያ ማጥፊያ አይንኩ፣ ካቻቢቴ አያንሡ። በገዛ እጅዎ የከፈቱት ክዳን በኋላ ላልቶ ቢገኝ ለማን ምን ብለው ይጽፋሉ?

ደረጃ 6፦ አውሮፕላኑን ይዙሩት

ከአፍንጫው ይጀምሩና በአንድ አቅጣጫ ዙረው እዚያው ይጨርሱ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አዟዟር ይጠቀሙ፤ ያኔ የጎደለው ነገር ራሱ ይጠራዎታል።

ከአፍንጫው አካባቢ ያሉትን የአየር ግፊት መቀበያ ቀዳዳዎች አይለፏቸው። በጥቅምት 2 ቀን 1996 ኤሮፔሩ 603 የተባለው ቦይንግ 757 ሲታጠብና ሲወለወል በእነዚህ ቀዳዳዎች ላይ የተለጠፈው ማጣበቂያ ሳይነሣ ቀርቶ ሌሊት ተነሣ። አብራሪዎቹ የፍጥነትና የከፍታ መሣሪያቸው የሚሰጣቸውን ማመን ሳይችሉ ባሕር ላይ ወድቀው በውስጡ የነበሩት 70 ሰዎች ሁሉ አለቁ። ማጣበቂያውን የለጠፈው አንድ ሰው ነው፤ ያላነሣውም እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አውሮፕላኑን የተመለከቱ ሌሎችም አላዩትም።

ጎማ ሲያዩ መበላቱን ብቻ ሳይሆን ጎኑን፣ መቆረጡንና ውስጠኛው ክር መውጣቱን ይመልከቱ። የብሬኩን ማለቅ የምታሳየው ትንሿ ዘንግ የምትነበበው ብሬኩ ተይዞ ባለበት ነው፤ ሳይያዝ ያነበቡት ልክ ለግኝት አይበቃም። የሃይድሮሊክ ዘይት ጠብታ ማየትም ብቻውን ጉድለት አይሆንም፤ የጥገና መመሪያው ለብዙ ቦታዎች በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚፈቀድ ወስኗል። እርስዎ የሚጠይቁት "ይህን ማን ለካው? የት ተጻፈ?" ብለው ነው። ይልቁንም ዙሪያው አቧራና ጥቀርሻ ለብሶ መሐሉ ብቻ በጨርቅ የተጠረገ ቦታ ካዩ ይቁሙ። የተጠረገ ቦታ የሚጠረገው ምክንያት ስላለው ነው፤ መንደርደሪያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ከቆዩ ምክንያቱ ተመልሶ ይመጣል።

የአውሮፕላኑ አካል ላይ ያለ ስርጉደትና ልባጥ ጥገና (በጉዳቱ ላይ ብረት ለብዶ የሚደረግ ጥገና) ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ስርጉደት በአውሮፕላኑ የጉዳት ካርታ ላይ ቦታው፣ ስፋቱ፣ ጥልቀቱና የተፈቀደበት ሰነድ ሊኖር ይገባል። ብረቱ ላይ ያዩትን በካርታው ላይ ይፈልጉ፤ ከካርታው ላይም አንዱን መርጠው ብረቱ ላይ ይፈልጉት። ሁለቱንም አቅጣጫ መሄድ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ያልተመዘገበ ጉዳትና በስህተት የተመዘገበ ጉዳት ተለያይተው የሚታዩ ናቸው። ቻይና ኤርላይንስ 611 በ2002 አየር ላይ ተበታትኖ 225 ሰዎች ሲሞቱ መነሻው በ1980 ጭራው መሬት ነክቶ የተደረገለት፣ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ያልተስማማ ጥገና ሆኖ ተገኝቷል። በልባጡ ሥር የነበረው ጉዳት ሳይወገድ ቀርቶ ስንጥቁ ለ22 ዓመት ተሸፍኖ አደገ። በእነዚያ ዓመታት ያ ልባጥ ከውጭ ሲታይ ሰላማዊ ነበር። ስለ እንዲህ ያለ ጥገና መጠየቅ ያለበት ልባጡ ማማሩ ሳይሆን የጸደቀበት ሥዕል፣ የተከናወነበት የሥራ ካርድና በየስንት ጊዜው ከውስጥ እንደሚፈተሽ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገቡ የእሳት ማጥፊያ፣ የኦክስጅን ጠርሙስ፣ የሕይወት አድን ሰደርያና የአደጋ ጊዜ መብራት ጊዜያቸውን በፍጥነት ይዩ። እዚህ ነገሩ ቀን ማንበብ ነው፤ ብዙ አያቆይም።

ደረጃ 7፦ የቴክኒክ መዝገቡን በጣትዎ ይቁጠሩ

አውሮፕላን አንዳንድ መሣሪያው ሳይሠራ እንዲበር ይፈቀድለታል፤ የትኛው፣ በምን ቅድመ ሁኔታና ለስንት ቀን እንደሆነ የሚወስነው ባለሙያዎች ኤም ኢ ኤል የሚሉት ዝርዝር ነው። በተለመደው አመዳደብ የቢ ምድብ ብልሽት በ3፣ የሲ ምድብ በ10፣ የዲ ምድብ በ120 ተከታታይ ቀን ውስጥ መጠገን አለበት፤ ብልሽቱ የተመዘገበበት ቀን አይቆጠርም። የኤ ምድብ ጊዜው በዝርዝሩ ላይ ለየብቻ ይጻፋል።

በወሩ 4ኛ ቀን የተመዘገበ የሲ ምድብ ብልሽት ይውሰዱ። ቆጠራው ከ5ኛው ቀን ይጀምርና በ14ኛው ቀን መጨረሻ ያበቃል። በመዝገቡ ላይ "15" ተጽፎ ካገኙ አንድ ቀን በነጻ ተጨምሯል። ይህ ቀላል ነው፣ ኮምፒውተርም ይይዘዋል። ከባዱ ሌላ ነው፦ በ14ኛው ቀን "ተፈትሿል፣ በትክክል ይሠራል" ተብሎ ይዘጋል፤ በ15ኛው ወይም በ16ኛው ቀን ያው ብልሽት እንደ አዲስ ይከፈትና 10 ቀን እንደገና ያገኛል። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ሲታይ ሕጋዊ ነው። ስለዚህ የአንድ አውሮፕላን የሁለትና የሦስት ወር ገጾች ጎን ለጎን ዘርግተው አንድን መሣሪያ ብቻ ይከተሉ። ሲዘጋ የትኛው ሙከራ ተደረገ? በየትኛው የመመሪያ ክፍል? ዕቃ ተለውጧል ወይ? ዕቃ ሳይለወጥ፣ ሽቦ ሳይፈተሽ፣ በተደጋጋሚ "የሚድን" መሣሪያ ካለ ቀኑን የሚያራዝመው ሰው አለ ማለት ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው አይደለም፤ መለዋወጫ ያጣ ሰው ነው። ግኝትዎ ወደ መለዋወጫ አቅርቦቱ መድረስ ያለበትም ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ ሃንጋሩና መጋዘኑ

ሃንጋር ውስጥ በሥራ ላይ ያለ የሥራ ካርድ ይምረጡና ብረቱ አጠገብ ቆመው ያንብቡት። ፊርማው ከሥራው ቀድሟል? ጎማው ገና መሬት ላይ ተኝቶ "ተገጥሟል" የሚለው መስመር ከተፈረመ ቀኑ አጭር ነበር ማለት ነው። በተቃራኒው ሥራው ሄዶ ፊርማው ባዶ ከሆነ፣ ፈረቃው ሲያልቅ በአንድ ትንፋሽ ይፈረማል። እንዲህ ያለ ካርድ ያስታውቃል፦ ሃያ ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዘንበልታ፣ በአንድ ሰዓት።

ከዚያ ወደ መሣሪያው ይሂዱ። የቶርክ ሬንቹ (ብሎንን በተወሰነ ኃይል የሚያጠብቀው መፍቻ) የካሊብሬሽን ማለትም የልኬት ማረጋገጫ ጊዜ፣ በእጃቸው ያለው መመሪያ ወቅታዊ እትም መሆኑ፣ የተፈቱ ቧንቧዎች መደፈናቸው፣ የተፈቱ ዕቃዎች መለያ መያዛቸው ይታያል።

በሰኔ 10 ቀን 1990 በብሪቲሽ ኤርዌይስ 5390 በረራ ላይ የአብራሪው ክፍል መስታወት ተገንጥሎ ካፒቴኑ ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ ተጎትቶ ወጣ፤ ባልደረቦቹ እግሩን ይዘውት ተረፈ። መስታወቱ ከ27 ሰዓት ገደማ በፊት በሌሊት ተለውጦ ነበር። ከታሰረባቸው 90 ብሎኖች 84ቱ ውፍረታቸው ከሚገባው ያነሰ ነበር፤ የቀሩት 6 አጭር ነበሩ። ባለሙያው ልምድ ያለው ሰው ነበር፤ አዲሶቹን ብሎኖች የመረጠው ከአሮጌው ጋር በዓይኑ አመሳክሮ ነው። ይህን የማውቅ ኢንስፔክተር ወደ ብሎን መደርደሪያው ስሄድ የምጠይቀው "ይህን ዕቃ ለዚህ ሥራ ሲያወጡ የዕቃውን ዓይነት ቁጥር ከየት አገኙት?" የሚለውን ነው። መልሱ "ከካታሎጉ" ከሆነ "ያሳዩኝ" እላለሁ። መልሱ "እናውቀዋለን" ከሆነ ያን ቀን እዚያው እቆያለሁ።

የበረራ መቆጣጠሪያዎችን በሚነካ ሥራ ላይ ከሠሪው ሌላ ሰው ለብቻው ሊያረጋግጥ ይገባል። በጥር 8 ቀን 2003 ኤር ሚድዌስት 5481 ሲወድቅ፣ ከክብደቱ ችግር በተጨማሪ፣ የመቆጣጠሪያው ኬብል ልኬት ትክክል አለመሆኑ ተገኝቷል። የመመሪያው እርምጃዎች ተዘለዋል፤ ሥራውን የሚያረጋግጠው ሰው ራሱ ሠራተኛውን እያሠለጠነ ነበር። ሁለት ፊርማ አለ ማለት ሁለት ዓይን አለ ማለት ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ፈራሚ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ የፈረቃ መዝገቡ ይነግርዎታል።

በመጋዘኑ ዕቃ ሁሉ የመልቀቂያ ሰርተፍኬቱ ከነመለያ ቁጥሩ ሊገኝ ይገባል፤ የተጠረጠረና የተጣለ ዕቃ ለብቻው ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። በ1989 ፓርትኔር 394 በረራ ወድቆ 55 ሰዎች ሲሞቱ ጭራውን ከያዙት ብሎኖች መካከል ሐሰተኛ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ነገሩ የድሮ ታሪክ አይምሰልዎት፤ በ2023 በሰፊው በሥራ ላይ ላሉ ለሲ ኤፍ ኤም 56 ሞተሮች የተሸጡ ዕቃዎች ሐሰተኛ ሰርተፍኬት እንደያዙ ታውቋል። የታወቀውም ሰነዱን አወጣ ከተባለው አምራች ጋር ሲመሳከር ነው። ስለዚህ ከመጋዘኑ ጥቂት ሰርተፍኬቶች ፎቶ አንሥተው ይውሰዱና አወጣ ለተባለው ድርጅት በቀጥታ ይጻፉ። በሰነዱ ግርጌ ያለውን ስልክ ሳይሆን ራስዎ ያገኙትን አድራሻ ይጠቀሙ።

ደረጃ 9፦ ሰውን ይጠይቁ

"መመሪያውን ይከተላሉ?" ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ "አልከተልም" የሚል አይገኝም። "ይህን ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ያሳዩኝ" ይበሉ። ከዚያ ዝም ይበሉ። አንጋፋውን ባለሙያ በአክብሮት፣ ወጣቱንም እንዲሁ፤ አለቃው አጠገባቸው በሌለበት ያነጋግሯቸው። በ1993 ካናዳዊው ጎርደን ዱፖንት ቴክኒሽያንን ለስህተት የሚዳርጉ 12 ምክንያቶችን ዘርዝሮ ነበር፤ ድካም፣ የጊዜ ጫና፣ የመረጃ ልውውጥ ጉድለት፣ መዘናጋት፣ ሁሉም የለመደው ያልተጻፈ አሠራር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዝርዝሩን በእጅዎ ይዘው አይዙሩ፤ ግን ሰውየው ስንተኛ ሌሊቱን እንደሚሠራ መጠየቅ አይርሱ።

አንድ ቴክኒሽያን በራሱ አንደበት "ተሳስቼ ነበር" ካለዎት ይህን ሰው ለቅጣት ካጋለጡት ከዚያ ሃንጋር ዳግመኛ እውነት አይሰሙም። ሳይሠራ የፈረመ ሰው ግን ሌላ ነው። ሐቀኛ ስህተትና ሐሰተኛ ፊርማ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ የመሥሪያ ቤትዎ የእርምጃ መመሪያም እንዲለያያቸው ይጠበቃል።

ደረጃ 10፦ ማገድ ሲያስፈልግ

ብረቱ ራሱ አደገኛ ከሆነ፣ ጎማው ክሩ ከወጣ፣ ነዳጅ ከገደብ በላይ ከፈሰሰ፣ የአስገዳጅ መመሪያ ጊዜ ካለፈ፣ ሪፖርት እስኪጻፍ አይጠበቅም። ለካፒቴኑና ለጥገና ኃላፊው ወዲያው በግልጽ ይንገሩ፣ ለኃላፊዎ ይደውሉ፣ በሥልጣንዎ ልክ እገዳውን በጽሑፍ ይስጡ። የሚናገሩት ምን እንደተገኘና የትኛው ደንብ እንደተጣሰ ብቻ ነው። "ይህን ቀይሩ፣ ያንን እሰሩ" ካሉ ጥገናውን የመሩት እርስዎ ሆኑ። "መንገደኛው ተሳፍሯል" የሚለው ሙግት መምጣቱ አይቀርም። ጉዳዩ ከገደብ በታች ከሆነ መንገደኛ ባይኖርም አያግዱም፤ ከገደብ በላይ ከሆነ ሙግቱ የሚለውጠው ነገር የለም። አውሮፕላኑ የውጭ ከሆነ ለተመዘገበበትና ለሚያሠራው አገር ባለሥልጣን ይገለጻል።

ደረጃ 11፦ ግኝቱን ይጻፉ

ደካማ ግኝት ይህን ይመስላል፦ "የመሣሪያ አያያዝ ክፍተት ታይቷል።" ማንም ሊመልስለት አይችልም፤ ማንም አይፈራውም። ለምሳሌ ያህል ይህንኑ እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦ "ለአገልግሎት በተዘጋጀው መደርደሪያ ላይ የተገኘው ቶርክ ሬንች የካሊብሬሽን ጊዜው ካለፈ 19 ቀን ሆኖታል። በእነዚህ ቀናት በመሣሪያ መዝገቡ መሠረት ለ3 ሥራዎች ወጥቷል። ይህ የድርጅቱን የጸደቀ የአሠራር መመሪያ እና የደንቡን አንቀጽ ይጥሳል።" መለያ ቁጥሩ፣ የክፍሉና የአንቀጹ ቁጥር ይገቡበታል፤ ፎቶው ይያያዛል። እናም ዋናው ጥያቄ ይከተላል፦ እነዚያ 3 ሥራዎች በየትኛው አውሮፕላን ላይ ተሠሩ፣ አውሮፕላኖቹስ አሁን የት ናቸው?

አየር መንገዱ ሥረ መንስኤውንና የማስተካከያ እርምጃውን ይዞ ይመለሳል። "ሠራተኛው ተመክሯል" የሚል መልስ ከመጣ መልሰው ይላኩት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ሠራተኛው ሬንቹን ያነሣው መደርደሪያው ላይ ስላገኘው ነው። ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ መደርደሪያው ላይ እንዲቀር ያደረገው ማን ነው፣ ማስጠንቀቂያው ለምን አልደረሰም፣ መለዋወጫ ሬንችስ ነበር ወይ? እርምጃው ለእነዚህ ካልመለሰ ግኝቱ አልተዘጋም።

ደረጃ 12፦ የራስዎን ፊርማ ይፈትሹ

ይህ ደረጃ በብዙ መመሪያ ውስጥ አይገኝም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ኢንስፔክተር መፈተሽ ብቻ ሳይሆን ያጸድቃል፦ የጥገና መርሐ ግብር፣ የጊዜ ማራዘሚያ፣ የድርጅት መመሪያ። በጥር 31 ቀን 2000 አላስካ ኤርላይንስ 261 ኤም ዲ 83 አውሮፕላን ውቅያኖስ ላይ ወድቆ 88 ሰዎች ሞቱ። የጭራውን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ባለጥርስ ዘንግ በቂ ግራሶ ሳያገኝ ቆይቶ የዳዶው ጥርሶች ተበልተው አልቀዋል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ካስተዋጽኦ ምክንያቶች መካከል አየር መንገዱ የግራሶውንና የፍተሻውን ጊዜ ማራዘሙን፣ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑም ማራዘሚያውን ማጽደቁን አንድ ላይ ጠቅሷል።

ማራዘሚያ ሲቀርብልዎት የሚፈልጉት የቀድሞው ፍተሻ ውጤት ነው፤ በስንት አውሮፕላን ላይ በየስንት ሰዓቱ ተለካ፣ የመበላቱ ፍጥነት ምን ያህል ነው፣ አምራቹ ምን አለ፣ ከዚህ በፊትስ ስንት ጊዜ ተራዝሟል? አራት ትንንሽ ማራዘሚያዎች እያንዳንዳቸው ምክንያታዊ ሆነው ድምራቸው ማንም በአንድ ጊዜ የማይፈቅደው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጨረሻው ጊዜ ጋር ሳይሆን ከመጀመሪያው ጋር ያነጻጽሩት። "ሌሎች አየር መንገዶችም እንዲሁ ያደርጋሉ" የሚለውን ለማስረጃነት አይቀበሉ። ካላመኑበት አይፈርሙ፤ ያላመኑበትን ምክንያትም በጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ይተዉ።

ደረጃ 13፦ ይመለሱ

ግኝት የሚዘጋው በተላከ ደብዳቤ አይደለም። ብረቱ ላይ ሄደው ያዩታል። ሲመለሱ ደግሞ ጉድለቱ የተገኘበትን አውሮፕላን ብቻ አይመልከቱ፤ እሱ ይዘጋጅልዎታል። ሌላ አውሮፕላን፣ ሌላ ጣቢያ፣ ሌላ ፈረቃ ይምረጡና ያው ችግር እዚያ መኖሩን ያጣሩ። ካለ እርምጃው ያከመው ምልክቱን ብቻ ነው፤ ግኝቱ ተደጋጋሚ ተብሎ ከፍ ባለ ደረጃ እንደገና ይከፈታል።

ፋይሉን ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ገጽ ለተከታይዎ ይጻፉ፦ ጊዜ አጥተው ያላዩት አውሮፕላን የትኛው ነው፣ ያልጎበኙት ፈረቃ የትኛው ነው፣ መልስ ያላገኘ ጥያቄስ ምን ቀረ? የሚቀጥለው ዓመት የቁጥጥር ዕቅድ የሚጀምረው ከዚያ ገጽ ነው።